አብሰርድ ቴአትር ስለ ከንቱነት ነው ወይስ ስለ አለቃ?

ትርፍ_ወንበር (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን የአብሰርድ ቴአትር፣ ማለትም የሕይወትን ትርጉም የለሽነት ያሳያል የሚባለው የተውኔት ዓይነት ደራሲዎች የሆኑትን የቤኬትን፣ የኢዮኔስኮንና የፒንተርን ተውኔቶች እያነበብኩ ነበር። ስለ እነሱ የተጻፈውንም ጎን ለጎን አየሁ። የትም ብትገቡ ያው ዝርዝር ነው። ሕይወት ትርጉም የላትም። ሰው ብቸኛ ነው። ቋንቋ አያግባባም። ጊዜ ባለበት ይረግጣል። ፈተና ላይ ይቺን ከደረደርክ አለፍክ።

ተውኔቶቹ ውስጥ ስትገቡ ግን ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ገመድ አለ። ጅራፍ አለ። ደወልና ፊሽካ አለ። ከላይ ትእዛዝ የሚልክ፣ መልኩ የማይታይ ሰው አለ። እኔ እንደማየው የእነዚህ ደራሲዎች ዋና ጥያቄ «መኖር ምን ዋጋ አለው?» አይደለም። «ማነው የሚያዘን? ለምንስ እሺ እንላለን?» ነው።

«ጎዶን መጠበቅ»ን እዩት። ቤኬት በፈረንሳይኛ ጽፎት በጃንዋሪ 1953 ፓሪስ ውስጥ ቴአትር ደ ባቢሎን በምትባል ትንሽ አዳራሽ ነው መጀመሪያ የታየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለቱ ጠባቂዎች፣ ስለ ቭላድሚርና ኤስትራጎን ነው። መሃል ላይ የሚገባውን ፖዞን ግን ተመልከቱት። ላኪ የሚባለውን ሰው አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ እየነዳ ይመጣል። ላኪ ሻንጣ፣ በርጩማ፣ የምግብ ቅርጫትና ካፖርት ተሸክሟል። ሲቆሙ እንኳ ሻንጣውን መሬት አያስቀምጥም። ለምን ብለው ሲጠይቁ ፖዞ የሰጠው መልስ ቁርጥ የአለቃ መልስ ነው። እንዳላባርረው ብሎ፣ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው ይላል። ላኪ ያለቅሳል። ኤስትራጎን አዝኖለት እንባውን ሊጠርግ መሐረብ ይዞ ሲጠጋ ላኪ ቅልጥሙን በእርግጫ ይለዋል። የታሰረው ሰው የሚመታው ያሰረውን ሳይሆን የራራለትን ነው።

በሁለተኛው ገቢር ፖዞ ዓይኑ ጠፍቷል። ላኪ ዲዳ ሆኗል። ገመዱ ግን አለ፣ እንዲያውም አጥሯል። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠየቅም አሸዋ ነው ይላል ፖዞ።

ጎዶ ራሱስ? መልእክት የሚያመጣው ልጅ ፍየል ጠባቂ ነው። ወንድሙ በግ ይጠብቃል። ጎዶ ወንድምየውን ይመታል፣ ይሄኛውን አይመታም። ለምን እንደሆነ ልጁ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰውዬ ነው እንግዲህ ሁለቱ አዳኛችን ብለው የሚጠብቁት።

የማይስማማ ካለ ይምጣ፣ እንከራከር።

ሐና_ፍራንክፈርት

ትርፍ ወንበር፣ አጀማመርህ ደስ ይላል። ግን አንድ ተውኔት ይዘህ መንደሩን ሁሉ ልትዳኝበት ነው። ፖዞ ገብቶ ይወጣል። እሱ የሌለበትን ሰዓት ምን ልትለው ነው?

እስቲ የራሱን የቤኬትን «የክራፕ የመጨረሻ ቴፕ» አስበው። በ1958 ለንደን ሮያል ኮርት ነው የታየው። መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ አለ። 69 ዓመት ሞልቶታል። በየልደቱ ድምፁን ቴፕ ላይ የመቅዳት ልማድ አለው። ዛሬ የ39 ዓመቱን ክራፕ ያዳምጣል። ያ ጎልማሳ ትልቅ ነገር እንደተገለጠለት ሰው ኮራ ብሎ ይናገራል። ሽማግሌው እዚያ ቦታ ላይ ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ ቴፑን ያሳልፈዋል። ጀልባ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር የተኛበት ቦታ ሲደርስ ግን መልሶ መላልሶ ይሰማዋል። ሙዝ ይበላል፣ የራሱ ልጣጭ ያንሸራትተዋል። በል አለቃውን አሳየኝ።

የዚያው የቤኬት «የደስታ ቀናት»ስ? ዊኒ በመጀመሪያው ገቢር እስከ ወገቧ፣ በሁለተኛው እስከ አንገቷ አፈር ውስጥ ተቀብራለች። ቦርሳዋን ትበረብራለች። ጥርሷን ትፍቃለች፣ የብሩሹ እጀታ ላይ የተጻፈችውን ደቃቃ ጽሑፍ ለማንበብ ዓይኗን ታጨናብሳለች። ሽጉጥም እዚያው ቦርሳ ውስጥ አለ። ባሏ ዊሊ ከጉብታው ኋላ ጋዜጣ ያነባል። ስንት ለፍልፋ አንዲት ቃል ከወረወረላት ቀኗ በራ ማለት ነው። እኔ እዚህ ውስጥ የማየው እርጅናን ነው። ትዳርን ነው። ሰውነት ቀስ እያለ እንዴት እንደሚከዳን ነው። ደወል እየጮኸ ይቀሰቅሳታል፣ እሱን እንደምትመዝብኝ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ደወል መንግሥት አይሆንም።

ደግሞ «የአብሰርድ ቴአትር» የሚለውን ስም ያስለመደው ሃያሲ ማርቲን ኤስሊን በ1961 መጽሐፉን ሲያወጣ የተነሳው ከፈረንሳዊው ደራሲ ከካሙ ነው። ካሙ በ1942 በግሪክ አፈ ታሪክ ስላለው ስለ ሲሲፈስ ጻፈ። ሰውዬው ቋጥኝ ወደ ተራራ ጫፍ ይገፋል፣ ቋጥኙ ይንከባለላል፣ እንደገና ይገፋል። ጉዳዩ የሰው ልጅ ከዓለም ጋር ያለው ጠብ ነው። ከቀበሌ ጋር አይደለም።

ትርፍ_ወንበር

ሐናዬ፣ ሲሲፈስን ቋጥኝ ግፋ ብሎ የፈረደበት ማነው? አማልክቱ አይደሉም እንዴ?

ሐና_ፍራንክፈርት

ቆይ አንተን!

ሰነፍ_አንባቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና እውነቱን ልናገር። ጎዶን ቪዲዮ ላይ ለማየት ሞክሬ ነበር። ሁለት ሰዎች ጫማ ያወልቃሉ፣ ኮፍያ ይቀያየራሉ፣ ካሮት ይበላሉ። ይመጣል የተባለው ሰውዬ ይቀራል። ከዚያ ያንኑ መልሰው ይደግሙታል። ጥልቅ ነው ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ደራሲው መጨረሻ አጥቶ ነው እላለሁ። የት ነው የምትስቁት? የት ነው የምታዝኑት?

ትርፍ_ወንበር

ሰነፍ አንባቢ፣ ብቻህን አይደለህም። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በጃንዋሪ 1956 ማያሚ ነው። ሁለት አህጉር በሳቅ ያፈረሰ ተውኔት ተብሎ ማስታወቂያ ተሠራለት። ማያሚ ለዕረፍት የመጣ ሀብታም ሰው ሆዱን ይዞ ሊስቅ ለብሶ ገባ። ብዙው ሳያልቅ ጥሎ ወጣ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በኖቬምበር 1957፣ ከሳን ፍራንሲስኮ የሄደ አንድ የተዋናዮች ቡድን ያንኑ ተውኔት ሳን ኩዊንቲን እስር ቤት አሳየ። ዳይሬክተሩ ኸርበርት ብላው ነበር። 1,400 እስረኛ ተቀምጧል። ተውኔቱ የተመረጠው ደግሞ በትልቅ ፍልስፍና አይደለም፣ ሴት ተዋናይ ስለሌለበት ነው። ተዋናዮቹ ፈርተዋል። የተማረው የማያሚ ሰው ያልቻለውን እነዚህ እንዴት ይችሉታል ብለው። እስረኞቹ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ማንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። በዚያ እስር ቤት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት የነበረ ሪክ ክለቺ የሚባል ሰው ከዚያ በኋላ እዚያው ግቢ የቴአትር ቡድን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። ሲፈታ ከራሱ ከቤኬት ጋር ሠርቷል።

ለእኔ ይሄ ታሪክ ከመቶ ገጽ ትንታኔ ይበልጣል። አለቃ የማያውቅ ሰው «ምንም አልተፈጠረም» ብሎ ወጣ። አለቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉም ነገር ገባው።

ሐና_ፍራንክፈርት

ታሪኩን ወደድኩት፣ ድምዳሜህን ግን አልገዛህም። እዚህ ጀርመን ሉትሪንግሃውዘን የሚባል እስር ቤት አለ። ገና በ1953 እስረኞች ራሳቸው ጎዶን እዚያ ሠርተውታል። አንዱ እስረኛ ነው ተርጉሞ ያዘጋጀው፣ ለቤኬትም ደብዳቤ ጽፎለታል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሌሊት አጋጣሚ አይደለም። ግን እስረኛ ከሌላው ሰው አስበልጦ የሚያውቀው ምንድነው? ዘበኛውን ብቻ ነው? ቀኑ አልመሽ ማለቱን ነው የሚያውቀው። ትናንትና ዛሬ አንድ መሆናቸውን ነው። ዛፏ በሁለተኛው ገቢር አራት አምስት ቅጠል አብቅላ ስትታይ «ታዲያ ስንት ጊዜ አለፈ?» ብሎ የሚደነግጠው እሱ ነው። ጊዜን በዝርዝሩ ውስጥ አስገብተህ ልትጥላት አትችልም።

የመጋረጃ_ጀርባ

እኔ ከመድረክ በኩል ልናገር። ትወናም ዝግጅትም ሞክሬአለሁ። እናንተ ስለ ጭብጥ ትከራከራላችሁ። ተዋናይ ግን ጭብጥ መተወን አይችልም። «ከንቱነትን ተጫወት» ብትለው ፊቱን አጨፍግጎ ይቆማል። ታዳሚውም ይተኛል። ሰነፍ አንባቢ ያየው ምናልባት እንደዚያ ያለውን ሳይሆን አይቀርም።

ጎዶን የሚያስኬደው ሥራ ነው። ትንንሽ ሥራ። ጫማው ይጠብባል። ኮፍያ ውስጥ እጅ ገብቶ ይፈተሻል። ሁለት ሰዎች በሦስት ኮፍያ ሲቀባበሉ ያለችው ቦታ የሰርከስ ሥራ ናት፣ ቆጥረህ ካላለማመድካት ትፈርሳለች። መጨረሻ ላይ እንሰቀል ይሉና ገመድ ያጣሉ። ኤስትራጎን የሱሪውን መታጠቂያ ይፈታል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይወርዳል። መታጠቂያውን ይዘው ጥንካሬውን ለመሞከር ሲጎትቱት ብጥስ ይላል። የመጀመሪያው ዝግጅት ላይ ተዋናዩ ሱሪው ሙሉ በሙሉ እንዲወርድ አልፈለገም ነበር። ቤኬት ይህን ሲሰማ ዳይሬክተሩን ሮዤ ብላንን በደብዳቤ ያዘው። ሱሪው ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት አለ። ለምን መሰላችሁ? ሰው ሊሞት ሲወስን ሱሪው ከወረደ አንተ ሳቅህንም እንባህንም መያዝ ያቅትሃል። ሰነፍ አንባቢ የት ነው የምትስቁት ላልከው፣ እዚያ ጋ ነው። የት ነው የምታዝኑት ላልከውም እዚያው ጋ።

ስለ አለቃው ትርፍ ወንበር ልክ ነው። ልምምድ ላይ ሁለት ተዋናይ አቁመህ አንዱ ከሌላው ምን እንደሚፈልግ ካልነገርካቸው ትዕይንቱ አይነሳም። ሁሌም አንዱ ይፈልጋል፣ ሌላው ይከለክላል። የቤኬት «የጨዋታው መጨረሻ» ላይ ሃም ዓይነ ስውር ነው፣ መቆም አይችልም። አገልጋዩ ክሎቭ መቀመጥ አይችልም። ሃም ፊሽካ ይነፋል፣ ክሎቭ ይመጣል። እሄዳለሁ እሄዳለሁ ሲል ይኖራል። መጋረጃው ሲወርድ ለመንገድ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። የሃም አባትና እናት ደግሞ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ናቸው። ሐና ትዳር፣ እርጅና ያለችውም እዚህ አለ። ፊሽካውም አለ። ለምን አንዱን ብቻ ትመርጣላችሁ?

ዘ_አራት_ኪሎ

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ከምሥራቅ አውሮፓ በኩል ጥቂት ልጨምር። በሳንሱር ዘመን ቴአትር ያየ ሰው ለእነዚያኞቹ ተውኔቶች ጆሮው የተለየ ነው።

የቼኮዝሎቫኪያውን ቫትስላቭ ሃቬልን ሁሉም የሚያውቀው በፕሬዚዳንትነቱ ነው። ሰውዬው ግን የመድረክ ዕቃ አንሺ ሆኖ ነው የጀመረው። በ1965 ና ዛብራድሊ በሚባለው ትንሽ የፕራግ ቴአትር «ማስታወሻው» የተባለ ተውኔቱ ታየ። ግሮስ የሚባል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አንድ ጠዋት ቢሮው ሲገባ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ያገኛል። ቋንቋው ፕቲዴፔ ይባላል። ሳይንሳዊ ነው፣ ስህተት አይፈጥርም ተብሎ ከሱ ጀርባ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ቋንቋ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ የማይነሳ ከሆነ ስሙ ይረዝማል። ዎምባት የምትባለው የአውስትራሊያ እንስሳ ስም 319 ፊደል ነው።

አሁን ጉዱን ስሙ። ግሮስ ደብዳቤውን ለማስተርጎም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ደብዳቤው ምን እንደሚል መታወቅ አለበት። እንዲህ እየተመላለሰ ወንበሩን በምክትሉ ይነጠቃል። በመጨረሻ ማሪያ የምትባል ጸሐፊ አዝናለት ያለ ፈቃድ ትተረጉምለታለች። ደብዳቤው የሚለው ፕቲዴፔ ጎጂ ነውና ይወገድ ነው! ግሮስ ወንበሩ ይመለስለታል። ማሪያ ግን ያለ ፈቃድ ተርጉመሻል ተብላ ትባረራለች። እርዳኝ ስትለው ስለ ሰብአዊነት ረዥም፣ ያማረ ንግግር ያደርግላታል። ከዚያ ምሳ ሊበላ ይሄዳል። እሷም እንዲህ ጥሩ አድርጎ ያናገረኝ ሰው የለም ትላለች።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት እኔን የምትገርመኝ። ጨካኝ አለቃ በየቦታው አለ። ግሮስ ግን ክፉ አይደለም። ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩ ይናገራል፣ ግን አያደርግም። ትርፍ ወንበር «ለምን እሺ እንላለን» ብሎ ለጠየቀው ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

በ1968 የሶቪየት ታንክ ፕራግ ከገባ በኋላ የሃቬል ተውኔቶች ታገዱ። ቢራ ፋብሪካ በጉልበት ሠራተኝነት ሠራ። ከ1979 እስከ 1983 ታሰረ። ቤኬት በ1982 ለአቪኞ ፌስቲቫል «ካታስትሮፍ» የምትባል አጭር ተውኔት ጽፎ ለታሰረው ሃቬል በስሙ አበረከተለት። አንድ ሰው መደብ ላይ ቆሟል። ዳይሬክተር ተብዬው ካባውን ደርቦ፣ ሲጋሩን ይዞ ረዳቱን ያዛታል። ኮፍያውን አውልቂ፣ እጁን እንዲህ አድርጊ፣ አንጥተሽ ቀቢው። ረዳቲቱ ቀና ቢልስ ትላለች። ዳይሬክተሩ አይሞከርም ይላል። ሲያበቁ ጭብጨባ ይሰማል። ያኔ ሰውዬው ራሱን ቀና አድርጎ ታዳሚውን ያያል። ጭብጨባው ይደክማል፣ ይቆማል። ፖለቲካ አይጽፍም የተባለው ቤኬት ነው እንግዲህ ይህን የጻፈው። ቤኬት በዲሴምበር 1989 አረፈ። በሳምንቱ ሃቬል ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሐና_ፍራንክፈርት

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። የማሪያን ነገር ሲነግሩን አንጀቴን ነው የበሉት። ግን እርስዎንም በአክብሮት ልሞግትዎ። ሃቬል እኮ ቢሮክራሲ ላይ ሊጽፍ ተነስቶ ነው የጻፈው። የፓሪሶቹ ግን እንደዚያ አይደሉም።

ኢዮኔስኮን ይውሰዱ። የመጀመሪያ ተውኔቱ «መላጣዋ ዘፋኝ» በሜይ 1950 ነው የታየችው። መነሻዋ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ነው። አሲሚል የሚባለውን ይዞ ቋንቋ ሊማር ተቀመጠ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳምንት ሰባት ቀን መሆኑን፣ ጣሪያው ከላይ ወለሉ ከታች መሆኑን በቁም ነገር ይነጋገራሉ። ሰውዬው ተገረመ። ያንን ንግግር ነው ወደ መድረክ ያወጣው። ሚስተርና ሚስስ ማርቲን ሳሎን ውስጥ እንደ እንግዳ ይተያያሉ። የት አይቼዎት ይሆን ይባባላሉ። በአንድ ባቡር መምጣታቸውን፣ አንድ ቤት መኖራቸውን፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛታቸውን ደረጃ በደረጃ ያጣራሉ። በመጨረሻ ባልና ሚስት ሆነው ይገኛሉ! ሰዓቱ እንዳሻው ይደውላል፣ አንዴም 17 ጊዜ። ርዕሱ እንኳ የመጣው ልምምድ ላይ አንድ ተዋናይ አፉን ስቶት ነው። እዚህ ውስጥ ምንም ጌታና ሎሌ የለም። ባዶ ወሬ አለ። ይቺ ተውኔት ከ«ትምህርቱ» ጋር ከ1957 ጀምሮ ፓሪስ ዩሼት ቴአትር ስትታይ ኖራለች። ሰው በአለቃ ብቻ ይህን ያህል ዘመን አይስቅም።

ደግሞ በ1958 ኬነት ታይናን የሚባለው የለንደን ሃያሲ ኦብዘርቨር ላይ ኢዮኔስኮን ከእውነታ ይሸሻል ብሎ ሲተቸው፣ ኢዮኔስኮ መለሰለት። ቴአትር የርዕዮተ ዓለም ተላላኪ አይደለም አለ። እኛ ደግሞ ግድ ተላላኪ ሁን እያልነው ነው።

ትርፍ_ወንበር

ጥሩ። ያንን ባለ በዓመቱ ምን ጻፈ? «አውራሪስ»ን! በ1959 መጨረሻ ዱሰልዶርፍ ነው የታየው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች አንድ በአንድ አውራሪስ ይሆናሉ። ቤራንዤ ብቻ ይቀራል።

ኢዮኔስኮ በ1930ዎቹ ሮማንያ ውስጥ ጓደኞቹ የብረት ዘብ የተባለውን ፋሺስት ቡድን እየተቀላቀሉ ሲሄዱ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ለዚያም ነው ተውኔቱ ውስጥ ማንም በአንድ ጊዜ የማይለወጠው። መጀመሪያ አንድ አውራሪስ ጎዳናው ላይ ይሮጣል። የአንዲት ሴት ድመት ይረግጣል። ሰዎቹ ስለ ምን ይከራከራሉ? ቀንዱ አንድ ነው ሁለት፣ የእስያ ነው የአፍሪካ። ቀጥሎ የቤራንዤ ጓደኛ ዣን ትንሽ አሞኛል ይላል። ድምፁ ይጎረንናል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በወጣ ቁጥር ቆዳው ይበልጥ አረንጓዴ ሆኗል፣ ግንባሩ ላይ እብጠት አለ። ቀጥሎ ቦታር፣ የለም ውሸት ነው ሲል የነበረው፣ ከዘመን ጋር መራመድ ያስፈልጋል ብሎ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ያስገደዳቸው የለም። አለቃው አይታይም። እሺታው ግን ሞልቷል።

«ትምህርቱ»ንም ራስሽ ስላነሳሽው፦ ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ዓይን አፋር ነው። ተማሪዋ ጥርሴን አመመኝ በለች ቁጥር እሱ እየበረታ ይሄዳል። በመጨረሻ በቢላዋ ይገላታል። የዚያን ቀን 40ኛዋ ናት። የቤት ሠራተኛዋ የናዚ ሊሆን የሚችል ምልክት ያለበት ክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ትሰጠዋለች። ቀጣዩዋ ተማሪ በር ታንኳኳለች። ይቺም ባዶ ወሬ ናት?

የሐይፋ_ልጅ

ከእስራኤል ነኝ። ትርፍ ወንበርን የሚያግዝ ነገር ይዤ መጣሁ። በ1984 የሐይፋ ከተማ ቴአትር ጎዶን ሲሠራ ሁለቱን ጠባቂዎች ፍልስጤማውያን ተዋናዮች ተጫወቱ። ማክራም ኹሪና ዩሱፍ አቡ ዋርዳ ናቸው። ኢላን ሮነን ነው ያዘጋጀው። የግንባታ ቀን ሠራተኛ ለብሰው ነው የቀረቡት። ዐረብኛና ዕብራይስጥ ነበረበት። ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ ሥራ የሚሰጠውን የሚጠብቅ ሰው ያየ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። በ1980 ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ውስጥ ጆን ካኒና ዊንስተን ንቾና ተጫውተውታል። በ1993 ደግሞ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ ሳራዬቮ ከበባ ላይ እያለች፣ መብራት ስለሌለ በሻማ አሳይታዋለች።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ጎዶ እንዲህ በየቦታው ሲሄድ እዚያ ያለው ታዳሚ የራሱን ጎዶ ይሰጠዋል። ሥራ፣ ነፃነት፣ የተባበሩት መንግሥታት። ቤኬት ግን አሜሪካዊው ዳይሬክተር አላን ሽናይደር ጎዶ ማነው ብሎ ሲጠይቀው ባውቅማ ተውኔቱ ውስጥ እጽፈው ነበር ነው ያለው። ስም ከሰጠኸው ተውኔቱ ጠበበ። ካልሰጠኸው ደግሞ እዚያ ሰልፍ ላይ ለቆመው ሰውዬ ምን ትለዋለህ? እኔ አልፈታሁትም።

ዘ_አራት_ኪሎ

የሐይፋው ልጅ ጥሩ ጠየቅህ። ቤኬት በጦርነቱ ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ከናዚ ተቃዋሚዎች ጋር ነበር። የሱ ቡድን በ1942 ሲጋለጥ ሸሽቶ ሩሲዮን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ተደበቀ። ሁለት ዓመት ያህል ገበሬ ቤት እየሠራ ይጠብቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሜዳሊያ ተሸለመ። ጎዶ ላይ ግን ስለ ጦርነቱ በግልጽ አልጻፈም፤ ናዚ የሚል ቃል የለም። ኤስትራጎን ማታ ቦይ ውስጥ አድሬ ደበደቡኝ ይላል፣ እነማን ሲባል አላውቅም ይላል። በቃ ይህን ያህል ነው። የቀረውን ያወቀ ያውቀዋል።

ሰነፍ_አንባቢ

እሺ ተሸነፍኩ ማለት አይደለም። ግን ቢላዋ ያለበትንና አውራሪሱን አነባለሁ። ቢያንስ የሆነ ነገር ይፈጠራል።

ሜሪላንድ_ማታ

እዚህ ክር ላይ መግባቴ በምክንያት ነው። እኛ አሜሪካ ያለን ጥቂት ልጆች የኮሚኒቲ አዳራሽ ውስጥ አጭር ተውኔት በአማርኛ ለመሥራት እያሰብን ነው። ያሉን ተዋናዮች ሁለት ወንዶች ናቸው። ገንዘብ የለንም። ታዳሚያችን ደግሞ ልጅ አዝሎ የሚመጣ፣ ሳምቡሳ እየበላ የሚያይ ነው። ጎዶ ይከብደናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሐና_ፍራንክፈርት

የኤድዋርድ ኦልቢ «የአራዊት ማቆያው ታሪክ»። ሁለት ወንዶች፣ አንድ የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቢላዋ። አለቀ። ኒውዮርክ ውስጥ ይደረግ እንጂ መጀመሪያ የታየው በ1959 በርሊን ነው፣ ያውም ከክራፕ ጋር በአንድ ምሽት። ፒተር እሑድ ከሰዓት መጽሐፉን ያነባል። ጄሪ መጥቶ ያዋራዋል። ስደት ላይ ብቻውን የኖረ ሰው ጄሪን ያውቀዋል። ስለ ውሻው የሚያወራው ረዥም ንግግር ግን ጎበዝ ተዋናይ ይፈልጋል።

ትርፍ_ወንበር

እኔ የፒንተርን «ዱዳው አስተናጋጅ» እላለሁ። ቤንና ጋስ ቅጥረኛ ገዳዮች ናቸው። በርሚንግሃም ውስጥ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ቁጭ ብለው ማንን እንደሚገድሉ እስኪነገራቸው ይጠብቃሉ። ግድግዳው ውስጥ ድሮ ሬስቶራንት ለነበረው ቤት ምግብ ማንሻ የሆነች ትንሽ ሊፍት አለች። ድንገት ዱብ ትልና የምግብ ትእዛዝ ታመጣለች። ስቴክ ከድንች ጋር፣ ሻይ ያለ ስኳር። ሁለቱ ነፍሰ ገዳዮች «አይ እኛ ወጥ ቤት አይደለንም» አይሉም! ብስኩታቸውን፣ ቺፕሳቸውን፣ ወተታቸውን ሰብስበው ይልካሉ። የማያውቁት ሰው ከላይ አዟልና። ታዳሚያችሁ ይስቃል፣ ቃል እገባለሁ። መጨረሻው ላይ የሚገደለው ማን እንደሆነ ሲታይ ግን ሳምቡሳው እጃቸው ላይ ይቀራል።

የመጋረጃ_ጀርባ

ሜሪላንድ፣ በፒንተሩ እስማማለሁ። አንድ ሰዓት አይሞላም። ሁለት አልጋ፣ ጋዜጣ፣ ሽጉጥ፣ የሻይ ዕቃ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ጥቂት የሥራ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሊፍቷን እውነተኛ ለማድረግ አትድከሙ። ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ያለበት ሳጥንና ከጀርባ በገመድ የሚያወጣ የሚያወርድ አንድ ሰው ይበቃል። ድምፁ ነው ወሳኙ። ከባድና ድንገተኛ መሆን አለበት፣ ተዋናዮቹም ልምምድ ላይ ሊደነግጡበት ይገባል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በድምፁ ተለማመዱ። የሽንት ቤቱ ውኃም በሰዓቱ አይለቀቅም፣ ዘግይቶ ነው የሚጮኸው፣ ጽሑፉ ላይ አለ፣ እንዳትዘሉት።

ዝምታዎቹን ሰዓት ይዛችሁ አትለኩ። ጋስ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ቤን አይመልስም፣ ጋዜጣውን ያጥፋል። ጋዜጣው መታጠፉ ነው መልሱ። ቤንን የሚጫወተው ልጅ ታዳሚው ዝም ሲል ደንግጦ እንዳይቸኩል አጥብቃችሁ ንገሩት።

ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የትርጉምና የማሳያ ፈቃድ ጠይቁ። የፒንተርም የቤኬትም መብት ገና በሕግ የተጠበቀ ነው። ቤኬት በሕይወት እያለ በ1988 ኔዘርላንድስ ውስጥ ጎዶን በሴቶች ያሠሩትን ሰዎች ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። ተረታ እንጂ። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ደብዳቤውን አሁኑኑ ላኩ። ልምምዱን እስከዚያ ጀምሩ።

ሜሪላንድ_ማታ

ፒንተርን ልንሞክር ነው። ሳጥኑን የሚሠራ አናጢ አለን። ከጀርባ ገመድ የሚጎትት ሰው ነው የጠፋው። ሁሉም መድረክ ላይ መታየት ይፈልጋል።